በእጅ ነው የምወደው

የመጀመሪያ ካሜራዬን የገዛሁት ባልደረሰኝ የእቁብ ዕጣ ነው።

ጊዜው 2009 ዓ.ም.፣ ወሩ ኅዳር ነበር። የመሥሪያ ቤታችን እቁብ አሥራ አራት ሰው ነበረበት፤ በወር አንድ አንድ ሺህ ብር እንጥላለን። ደመወዜ ከ4,500 ብር እምብዛም አይዘልም ነበርና ያቺ አንድ ሺህ ከወጣች በኋላ ወሩ ይረዝምብኛል። የዚያ ወር ዕጣ የወጣው ለገንዘብ ያዣችን ነው። ከወሊድ ፈቃድ ከተመለሰች ገና ሁለት ቀኗ ነበር። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነውና ለልጇ ክርስትና አሥራ ስምንት ቀን ቀርቶ ነበር።

ጠረጴዛዋ ድረስ ሄጄ ለመንኳት። «ዕጣሽን ልቀቂልኝና ካሜራ ልግዛ፤ የልጅሽን ክርስትና በነፃ አነሳልሻለሁ።» አንድ ፎቶ አንሺ 3,500 ብር እንደጠየቃት ሰምቻለሁ። ወቅቱ ጾመ ነቢያት ስለሆነ ድግሱ የጾም ነው፤ ሽሮውና ምስሩ ብዙ እንደማያስወጣትም አስልቻለሁ። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ።

«ትችላለህ?»

«ምን ችግር አለው!»

የጠየቀችኝ ስለ መቻል ነበር፤ የመለስኩላት ስለ ችግር። ያን ቀን ግን ሁለታችንም ልብ አላልነውም። 14,000 ብሩን ቆጥራ ሰጠችኝ።

እውነቱን ልናገርና፣ ፎቶ ከማንሳት ይልቅ ካሜራ መያዝ ነበር የሚያምረኝ። ጥምቀት በመጣ ቁጥር ጃን ሜዳ የማያቸው ልጆች ነበሩ፤ የካሜራውን ማንገቻ አንገታቸው ላይ ጥለው «አንዴ፣ አንዴ» እያሉ በሕዝቡ መሀል ሲያልፉ ሰው ሁሉ መንገድ ይለቅላቸዋል። ያ መንገድ ነው ልቤን የወሰደው። ስለ ብርሃን ያነበብኩት አንዳች ነገር አልነበረም። ያነበብኩት ስለ ሜጋፒክስል ነው። ሜጋፒክስል ቁጥር ነው፤ ቁጥር ደግሞ ላላወቀ ሰው ምርኩዝ ይሆነዋል። በዚያ ላይ ከዚህም ከዚያም የቃረምኳቸው ሁለት ወሬዎች ነበሩኝ። አንደኛው፣ ከካሜራው ጋር የሚመጣው ኪት ሌንስ የማይረባ ፕላስቲክ ነው የሚል። ሁለተኛው፣ ገንዘብ ለሌለው ሰው ከሃምሳ ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 የሚሻል ሌንስ የለም የሚል። ሁለተኛው ወሬ እውነትነት አለው። ኪት ሌንሱ አቅርቦ ሲያሳይ ቀዳዳው ኤፍ 5.6 ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ስለሚሰፋ ኤፍ 1.8 ከዚያ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ጨለማ ቤት ውስጥ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ግማሹን ይዤ መሮጤ ነው የጎዳኝ።

ፒያሳ፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ያገለገሉ ካሜራዎች የሚሸጥ ሰው ነበር። ዕቃው የሚመጣለት በሰው ሻንጣ ነው፤ ከዱባይ፣ ከአሜሪካ። መስታወቱ ውስጥ ሁለት ኒኮኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው ዲ90 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ፣ 12.3 ሜጋፒክስል፣ ወፈር ያለ፣ በአውራ ጣት በኩል ጎማው ትንሽ የለቀቀ። ሁለተኛው ዲ3100፤ የ2010፣ 14.2 ሜጋፒክስል፣ ቀለል ያለና ንጹሕ። ዋጋቸው የሚለያየው በሁለት መቶ ብር ነው። ሻጩ ዲ90ውን ወደ እኔ ገፋ አደረገና «ይሄ ይሻልሃል» አለኝ። እኔ በሆዴ «አሮጌውን ሊያራግፍብኝ ነው» አልኩ። ከአሥራ ሁለት አሥራ አራት ይበልጣል፤ ከ2008 2010 ይበልጣል። ሒሳቡ አለቀ።

ያንኑ ሒሳብ ዛሬ በደንብ ልሥራው። የዲ90 ፎቶ በረጅሙ ጎኑ 4,288 ነጥብ አለው፤ የዲ3100 ደግሞ 4,608። ልዩነቱ 320 ነጥብ ነው። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ አድርጎ ለሚያትም ሰው፣ ያ የተመካሁበት ብልጫ ወረቀት ላይ ሦስት ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ለአንድ አውራ ጣት ስፋት ብዬ ምን እንደጣልኩ ወደ በኋላ እናገራለሁ።

«ከኪት ሌንሱ ጋር ላድርግልህ?» አለኝ ሻጩ። 18-55 የምትባለዋን ማለቱ ነው።

«እሱን ተወው፤ ሃምሳዋን ስጠኝ» አልኩት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። አጠገቤ አንድ ሌላ ገዢ ቆሞ ነበር፤ እንዲሰማኝ ፈልጌያለሁ።

ሃምሳዋን አውጥቶ ገጠመልኝ። አፏ ላይ «ኤ.ኤፍ ኒኮር 50 ሚ.ሜ.» ይላል። ካሜራውን ዓይኔ ላይ አድርጌ ቁልፉን ግማሽ ድረስ ጫንኩ። ዝም። ደግሜ ጫንኩ። ዝም። በመመልከቻው ውስጥ የሻጩ ፊት ጭጋግ እንደለበሰ ቀረ።

«ይቺ ሌንስ እዚህኛው ላይ በእጅ ነው የምትሠራው» አለ ሻጩ። «ፎከሷን ራስህ ነህ የምታዞረው። ታውቃለህ አይደል?»

አጠገቤ የቆመው ሰው ዞር ብሎ አየኝ።

«አዎ፣ አውቃለሁ» አልኩ። ይህም አልበቃኝም። «እንዲያውም በእጅ ነው የምወደው።»

«ጎበዝ» አለና ሒሳቡን መደመር ጀመረ። ካሜራው 9,200፣ ሌንሷ 3,900፣ ሜሞሪው 350፣ ቦርሳው 400። 150 ብር ተረፈኝ። ሻጩ ግን ምንም አላታለለኝም። እንዲያውም ሁለቴ አስጠንቅቆኛል፤ አንዴ ዲ90ውን ገፋ ሲያደርግልኝ፣ አንዴ «ታውቃለህ አይደል?» ሲለኝ። ከደረጃው የወረድኩት ግን በማንገቻው አንገቴን አስከብሬ፣ ሰው መንገድ እንዲለቅልኝ እየጠበቅኩ ነው። ማንም አልለቀቀልኝም።

ያልገባኝን ነገር የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ሌንሷ ላይ የተጻፈው «ኤ.ኤፍ» ውሸት አይደለም፤ አውቶ ፎከስ ናት። ሞተር ግን የላትም። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣውን የሌንስ መግጠሚያ ይዞ ነው የኖረው፤ በ1980ዎቹ አውቶ ፎከስ ሲመጣም መግጠሚያውን ሳይጥል ሞተሩን ካሜራው ውስጥ አስቀመጠ። ከካሜራው አፍ ላይ የካቻቢቴ ጫፍ የመሰለች ብረት ብቅ ትላለች፤ ሌንሱን የምታዞረው እሷ ናት። ካኖን በበኩሉ በ1987 የድሮ መግጠሚያውን እርግፍ አድርጎ ትቶ ሞተሩን በየሌንሱ ሆድ ከተተ። ኒኮን በ2006 ዲ40ን ሲያወጣ ካሜራው እንዲያንስና እንዲረክስ ብሎ ያቺን ብረትና ሞተሯን አስወጣ። የእኔዋ ዲ3100 የዚያ ቤት ልጅ ናት። እንዲህ ባለ ካሜራ ላይ ራሱን የሚያነጣጥረው፣ እንደ «ኤ.ኤፍ-ኤስ»፣ ሞተሩን ይዞ የሚመጣ ሌንስ ብቻ ነው። አንዲት ሰረዝ፣ አንዲት ፊደል። ጎማው የለቀቀው ዲ90 ብረቷም ሞተሩም አለው፤ የእኔን ሃምሳ እዚያ ላይ ቢገጥሟት እንደ ልቧ ትሠራ ነበር። «ፕላስቲክ» ብዬ የናቅኳት ኪት ሌንስም ኤ.ኤፍ-ኤስ ናት፤ የእጅ መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋ ነገርም አላት። ከሦስት መንገድ ሁለቱ ያስኬዱ ነበር። እኔ ሦስተኛውን፣ ያውም ከፍዬ፣ ያውም «እወደዋለሁ» ብዬ መረጥኩ።

የመጀመሪያው ምሽት ላይ ሌንሷ አንገት ላይ ያለውን ቀለበት ስነካካ ካሜራው «ኤፍ ኢ ኢ» የሚል ጽሑፍ እያብለጨለጨ ማንሳት እምቢ አለ። ተቃጠለ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ጠዋት በሩጫ ደረጃውን ወጣሁ። ሻጩ በአንድ ጣቱ ቀለበቱን እስከ መጨረሻው፣ ብርቱካናማዋ 22 ላይ አደረሳትና በትንሿ መቆለፊያ ቆለፋት። ጽሑፉ ጠፋ። «እንዲህ አድርገህ ነው የምትተዋት። ታውቃለህ አይደል?» አለኝ። «አዎ፣ ረስቼው ነው» አልኩት። አሁን ስጽፈው ጆሮዬ ይግላል።

በአሥራ ስምንቱ ቀናት የሠራሁት ልምምድ ደግሞ የባሰ አሳሳተኝ። ሲኒ አነሳሁ። ጀበና አነሳሁ። የአከራዬን ውሻ፣ ተኝቶ ሳለ፣ አነሳሁ። ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ ነፋስ በሌለበት። ቀለበቱን ቀስ እያልኩ አዞርና ሲኒው ጥርት ሲል እጫናለሁ፤ ከበስተጀርባው ያለው ሁሉ እንደ ቅቤ ቀልጦ ይቀራል። ጓደኞቼ «ፕሮ ሆነሃል!» አሉኝ። ካነሳኋቸው ነገሮች አንዱም እንደማይንቀሳቀስ ያስተዋለ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላስተዋልኩም።

ክርስትናው ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ዋለ። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቼ፣ ብርዱ ጥርስ እያፋጨ፣ ቤተ ክርስቲያን ደረስኩ። ክርስትና ቤቱ ትንሽ ነው፤ አንዲት መስኮት፣ ጧፍ፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለች አንዲት ደካማ አምፖል። አጥማቂው ቄስ ካሜራዬን ሲያዩ ሳልጠይቃቸው «ፍላሽ አይቻልም» አሉኝ። «ግዴለም አባ፣ ፍላሽ አያስፈልገኝም» አልኩ በኩራት። ይቺ እንኳ እውነት ነበረች። በኤፍ 1.8 ብርሃኑ በቂ ነበር። የጎደለው ብርሃን አልነበረም።

የመጀመሪያው ችግር ግድግዳው ሆነ። በዚህ ዓይነቱ ካሜራ ላይ ምስል የሚቀበለው ሰሌዳ ከድሮው ፊልም ስለሚያንስ፣ ሃምሳ ሚሊ ሜትር ሰባ አምስት እንደሚያሳየው ያህል ብቻ ነው የሚያሳየው። ሰው ለብቻው ሲነሳ ያምራል፤ ሰው በታጨቀበት ጠባብ ክፍል ግን እናትን፣ የክርስትና እናትን፣ ሕፃኗንና ቄሱን አንድ ላይ ለማግባት ጀርባዬ ግድግዳውን እስኪገፋ ማፈግፈግ ነበረብኝ። ገፋሁት። ግድግዳው አልሄደም።

ከዚያ ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች፤ ሥርዓቱም ፈጠነ። እንደ ሲኒ የሚቀመጥልኝ ነገር አልነበረም። ቀለበቱን ሳዞር ቄሱ ያጎነብሳሉ፤ ሳገኛቸው ቀና ይላሉ። ውኃው ሲፈስ የክርስትና እናቷ ወደ ኋላ ተንፏቀቀች። ሜሮን ሲቀቡ ጣታቸውን ፍለጋ ቀለበቱን ሳዞር ጣታቸው ጨረሰ። ማተቡ ሲታሰር አጠገባቸው ነበርኩ፤ አንድ ሜትር ተኩል ያህል። በዚያ ርቀት ሌንሷ በኤፍ 1.8 ተከፍታ ጥርት አድርጋ የምታሳየው ውፍረቱ ከስድስት ሰባት ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ቦታ ነው። አፍንጫ ከያዙ ጆሮ ያመልጣል። መተንፈስ ብቻ ይበቃል፤ እኔ ደግሞ በኃይል እየተነፈስኩ ነበር። በመመልከቻው ግርጌ በስተግራ፣ ፎከስ በእጅ ሲያዝ የምትበራ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ አለች፤ እንደ እኔ ላለ ሰው የተሠራች። መኖሯን እንኳ አላወቅኩም፤ መመሪያውን ማን ያነባል?

በአማርኛችን ልጅም ክርስትና ትነሳለች፣ ፎቶም ይነሳል። ያን ዕለት ልጅቷ ተነስታለች።

በየመሀሉ የካሜራውን ስክሪን አያለሁ፤ ሁሉም ፎቶ ደህና ይመስላል። በሦስት ኢንች መስታወት ላይ ጥርት የማይል ፎቶ የለም። አጉልቶ ማየት ይቻል ነበር፤ ግን እያጎላሁ ስፈትሽ ሰው ቢያየኝ «አይችልም» ይለኛል ብዬ ሰጋሁ። የሕፃኗ አያት፣ ከደብረ ብርሃን ለክርስትናው የመጡት፣ በሩ ጋ ቆመው «አንሳኝማ የኔ ልጅ» ሲሉኝ ሦስት አራት ጊዜ ጫንኩላቸውና «አሪፍ ሆኗል እማማ» አልኳቸው። ማየት ሳያስፈልገኝ።

ማታ ኮምፒዩተር ላይ ስከፍተው 312 ፎቶ ነበር። አንድ በአንድ አየኋቸው። አንዱ ላይ ጥርት ያለው የቄሱ ጆሮ ነው። አንዱ ላይ ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል። ከሁሉም የጠራው፣ ዝገቱ እስከነ ቅርፊቱ የሚቆጠር፣ የበሩ ማጠፊያ ነው፤ ከማጠፊያው ፊት ለፊት ነጭ ጥላ የሚመስሉ ሰዎች ይታያሉ። ዘጠኝ ፎቶዎች ብቻ ሰው ይዘዋል። የቀሩትን 303 በዚያው ሌሊት አጠፋኋቸው። ከኮምፒዩተሩ ቅርጫትም፣ ከሜሞሪውም። ማንም ሰው አንዱን እንኳ እንዳያይብኝ ነው።

ሰኞ ጠረጴዛዋ ጋ ሄድኩ። «ሜሞሪው ተበላሸ» አልኳት።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ፊቷ ወዲያው አልተቀየረም። ትንሽ ቆይታ፣ የሆነ ወረቀት እያስተካከለች፣ «አይዞህ፤ የአንተ ጥፋት አይደለም» አለችኝ። እኔን ማጽናናቷ ነው። እጄን ይዛ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ዘጠኙን ልሰጣት አልቻልኩም፤ አንዱን ከሰጠሁ ሜሞሪው አልተበላሸም ማለት ነው። «ልዩ ልዩ» የሚል ፎልደር ከፍቼ እዚያ ቀበርኳቸው።

ካሜራው ወራት ሳይነካ ተቀመጠ። ከዚያ ሌንሷን ሸጬ ኤ.ኤፍ-ኤስ የሆነ 35 ሚሊ ሜትር ልገዛ አሰብኩ፤ ለጠባብ ቤት የሚሆነው እሱ ነው። ሳመነታ ሳመነታ ጥቅምት 2010 ገባ፤ ብር በ15 በመቶ እንዲወርድ ተደረገ፤ የሌንሱም ዋጋ በአንድ ሳምንት ከእጄ ወጣ። የእኔዋን ሃምሳ ደግሞ የሚጠይቃት የለም።

የታደገኝ ጉርድ ፎቶ ነው። ለሆነ ማመልከቻ አራት ጉርድ ፎቶ አስፈልጎኝ አንድ የቆየ ፎቶ ቤት ገባሁ፤ ካሜራዬ በትከሻዬ ነበር። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። «እስቲ ልየው» ብለው ተቀበሉኝ። ሌንሷን ነቅለው፣ እስከ መጨረሻው ከፍተው፣ በስልካቸው መብራት ከጀርባዋ እያበሩ ለረጅም ጊዜ ተመለከቷት። ሻጋታ እየፈለጉ ነው፤ እርጥብ ቦታ የተቀመጠ ሌንስ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ሆኖ ይበቅላል። «ንጹሕ ናት። ልትሸጣት ነው?»

«አዎ ጋሼ፤ ፎከስ አታደርግልኝም።»

ሳቁ። በክፋት አይደለም፤ ሳላቸውን እስኪቀሰቅስባቸው ድረስ። እሳቸው ሥራ ሲጀምሩ ፎከስ የሚያደርግ ካሜራ አገር ውስጥም ውጭም አልነበረም። ከምኒልክ ጀምሮ የቤተ መንግሥቱን ፎቶ ያነሱት ቦያጂያኖችም፣ ከእነሱ በኋላ ጥምቀቱንና ሠርጉን ያነሳው ሁሉ፣ በእጁ ነው የሠራው። «በእጅ ነው የምወደው» የሚለው ቃል ከአፌ ሊወጣ ደረሰ። ዋጥኩት። «አላውቅበትም ጋሼ» አልኳቸው። ለካስ አጭር ቃል ነው።

ከመሳቢያቸው ወፍራም ክር አወጡ። አንዱን ጫፍ የካሜራው ማንገቻ ቀለበት ላይ አስረው፣ በሜትር እየለኩ ሦስት ቦታ ቋጠሩት፤ አንድ ሜትር፣ አንድ ተኩል፣ ሁለት። «ሌንሷ ላይ የተጻፈው ቁጥር ለጌጥ አይደለም፤ ሜትሩ ነው። ቀለበቱን አንድ ተኩል ላይ አድርገህ ተዋት። ከዚያ አንተ ሂድ፣ አንተ ተመለስ። ክሩን ጫፉ ድረስ እየወጠርክ ልመድ።» ሰውየው ሲንቀሳቀስ ቀለበቱን ሳይሆን ወገቤን ማንቀሳቀስ ማለታቸው ነው። በዚያ ላይ ቀዳዳውን ከ1.8 ወደ 4 እንዳጠብበው አሳዩኝ፤ ያቺ ስድስት ሰባት ሳንቲ ሜትር እጥፍ ትሆናለች። ብርሃኑ ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል፤ እሱን አይ.ኤስ.ኦውን፣ ማለትም የሰሌዳውን የብርሃን ትብነት፣ ከፍ በማድረግ ማካካስ ነው። ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። «አሸዋ ያለበት ፊት ይሻልሃል ወይስ ፊት የሌለው ልስላሴ?» አሉኝ፤ ለጉርድ ፎቶዬ ቀና በል እያሉ።

ሁለት ወር በክር ሠራሁ። አከራዬ ካሜራዬን ያሰርኩት እንዳይሰረቅ መሰላቸው።

ዛሬ ሰዎች «ካሜራ ልገዛ ነው፣ ስንት ሜጋፒክስል ይሁን?» ብለው ይደውሉልኛል። እኔም ምን ልታነሱ ነው እላቸዋለሁ፤ ቤት ውስጥ ነው ውጭ፣ የሚሮጥ ነው የተቀመጠ። ኳስ ሊያነሳ ለፈለገና ጓዳ ውስጥ ልጁን ሊያነሳ ለፈለገ አንድ መልስ የለኝም። ለጀማሪ ኪት ሌንስ አይናቅም እላለሁ፤ ስድስት ወር አንስቶበት፣ ብዙውን ጊዜ በየትኛው ቁጥር ላይ እንደሚያነሳ አይቶ፣ ቀጥሎ ወደዚያ የሚጠጋ፣ ብርሃን የሚያስገባ አንድ ሌንስ ይጨምር። ዛሬ ኩባንያዎቹ መስታወት ወደሌላቸው ካሜራዎች ዞረዋል፤ ብዙዎች ባለ መስታወቱን (ዲ.ኤስ.ኤል.አር.) እየሸጡ ነው። ሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አዲስ ካሜራ ለደመወዝተኛ የሚታሰብ ባለመሆኑ፣ ያገለገለ ዲ.ኤስ.ኤል.አር. ለቀጭን ኪስ ዛሬም ደህና በር ነው ባይ ነኝ። ግን ሳይፈትሹ አይደለም። የራሴን ካሜራ ሻጩ «ብዙ አልተነሳበትም» ብሎኝ ነበር። ኒኮን በእያንዳንዱ ፎቶ ፋይል ውስጥ ስንተኛ ፎቶ እንደሆነ ይጽፋል፤ ከዓመት በኋላ ከፍቼ ሳየው ከ61,000 በላይ ነበር። ለዚህ ደረጃ ካሜራ መዝጊያው 100,000 ያህል ይችላል ስለሚባል፣ ዕድሜው ከግማሽ በላይ ሄዷል ማለት ነው። ሻጩም ላያውቅ ይችላል፤ ብጠይቀው ኖሮ አብረን እናየው ነበር። ሰማይን ወይም ነጭ ወረቀትን ቀዳዳውን አጥብቦ ማንሳትም ጥሩ ነው፤ ሰሌዳው ላይ አቧራ ካለ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል። የእኔው ላይ አንድ ነበር። ከቀኝ በላይ፣ ጥግ ላይ።

የቀበርኳቸው ዘጠኝ ፎቶዎች ወደ ብርሃን የወጡት በ2017 ዓ.ም. ነው። ገንዘብ ያዣችን ከመሥሪያ ቤቱ ከለቀቀች ቆይታለች፤ የተገናኘነው የአንድ የድሮ ባልደረባችን ለቅሶ ላይ ነው። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቧ ተቀምጬ ንፍሮ እየቆረጠምን፣ ሜሞሪው እንዳልተበላሸ ነገርኳት። ምንም አልተናገረችም። ተነስታ ስትሄድ «ቅዳሜ ቤት ና» አለችኝ፣ እንደ ድሮ ደረሰኝ ይዘህ ና እንደምትለው።

ዘጠኙን አሳትሜ በፖስታ ይዤ ሄድኩ። ልጅቷ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በሩን የከፈተችልኝ እሷ ናት። እናትየው ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ደረደረቻቸው። የክርስትና እናትየው ያለችበት ላይ ሳቀች። የቄሱ እጅና ማተቡ ያለበትን ለልጇ አሳየቻት። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምራ አየች፤ የሆነ ነገር እንደምትፈልግ ገባኝ።

«እማዬ የለችበትም» አለች።

ከደብረ ብርሃን የመጡት አያት ካረፉ ሁለት ዓመታቸው ነበር፤ እኔ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

«ነበሩ» አልኳት። «ግን ብዥ ብሎ ነው የወጣው።»

«የታለ?»

«አጠፋሁት።»

«ብዥ ቢልም አውቃት ነበርኮ» አለችኝ፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እቃውን የት እንዳስቀመጠ የረሳ ሰውን እንደመጠየቅ ነው። ልጅቷ አንዴ እኔን አንዴ እናቷን ታያለች። «እስቲ ንገረኝ፤ የት ጋ ነበረች?»

ነገርኳት። በሩ ጋ፣ በስተግራ። ነጠላቸውን አጣፍተው። በቀኝ እጃቸው ጧፍ ይዘው፣ ነፋስ እንዳያጠፋው በግራ መዳፋቸው ከልለውት። ወደ ካሜራው እያዩ፣ ትንሽ ፈገግ ብለው፣ ከኋላቸው ያ የዛገ ማጠፊያ። ሦስቱ ላይ ወይም አራቱ ላይ ነበሩ፤ አንዱ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«የነጠላዋ ጥለት ምን ዓይነት ነበር?» አለችኝ። «ቀዩ ነው አረንጓዴው? ሁለት ነበር ያላት።»

ብዙ አሰብኩ። ፎቶው እንዳለ ፊቴ መጣ፤ ጥለቱ ጋ ስደርስ ግን ይቀልጣል።

«አላውቅም» አልኳት።